ለማማ የሚሆን አፈሙዝ

ኅዳር 9 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ከሚሴ

እቤቴ ለገጣጠምኩት ጠመንጃ ዛሬ አፈሙዝ መረጥኩ። አሮጌው ተበልቶ ጥይቱ ወዳሻው ይሄዳል፤ ከርከሮ ደግሞ የደረሰ ማሽላዬን እየጨረሰው ነው። ከባለቤቴና ከጎረቤቴ ጋር ጠመንጃ ጠጋኝ ዘንድ ሄድን፤ አንድ ረጅምና አንድ አጭር አቀረበልን።

ጎረቤቴ ዓሊ፣ «ረጅሙን ውሰድ፤ ሰርግ ላይ ያምርብሃል» አለኝ። ልቤ ወደዚያው ሄደ።

ባለቤቴ ዘይነባ ሳቀች። «ከርከሮው ለሰርጉ ጠርቶሃል እንዴ? እዚያች ጠባብ ማማ ላይ ይህን ይዘህ ስትዞር እኔን መሬት ልታወርደኝ ነው።»

አጭሩን ወሰድኩ።

አመሻሽ ላይ ከማማው ተኮስኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ጥይቱ ካነጣጠርኩበት ደረሰ፤ ትልቁ ከርከሮ ወደቀ። የቀሩት ሮጠው የዓሊ ማሽላ ውስጥ ገቡ።

«ወላሂ ሆን ብለህ ነው ወደኔ የነዳሃቸው!» እያለ ከማዶ ይጮሃል።

ነገ የእሱ ማማ ላይ ሳልወጣ አልቀርም።