ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ

ሐምሌ 6፣ ጠዋት
ቀለሙ ዛሬም ከጥፍሬ አልለቀቀም። እኔ የምይዘው የፍኖተ ሰላም ግምጃ ቤት ዕቃ ሁሉ ሀ፣ የቡሬው ለ፣ የጅጋው ሐ ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከፊደሉ ቀጥሎ ቁጥር። ወንበሩም፣ የመስኖ ፓምፑም። ለአንድ ዕቃ አንድ መለያ። ሐሳቡ የኔ ነው፤ ግምገማ ላይ ተመስግኜበታለሁ። ቆጣሪው ኮሚቴ ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ጸሐፊዋ ስመኝ ኮምፒውተር ላይ ትመዘግባለች። ደስ ብሎኛል፣ ማስታወሻዬ። ዝናቡ እንኳ አላስከፋኝም።

ሐምሌ 14
ጉድ። ከጅጋ አንድ ፓምፕ ጠፋ ተባለ። የጅጋው ጥበቃ ጋሸ እንየው ታሰሩ። እኒያ ቁልፍ እንኳ በሁለት እጃቸው የሚያስረክቡ ሰው! ኦዲተሩ ጅጋ ሄዶ ነበር። ፓምፑ ቆሟል፣ ሐ-9 ይላል። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ሐ-9 የለም። ስለዚህ የቆመው «ያልተመዘገበ ትርፍ ንብረት» ነው፤ በገቢ ደረሰኙ፣ በሞዴል 19፣ ገቢ የሆነው ደግሞ ጠፍቷል። ጋሸ እንየው ይኸው ቆሞ የለም ወይ ቢሉ ማን ሰምቷቸው። የጅጋን ቁልፍ ለኔ ሰጡኝ።

ሐምሌ 16
ገባኝ! ገብቶኝስ ምን ይረባል። ስመኝን ጠየቅኋት። መጀመሪያ የኛ ፓምፕ፣ ሀ-9፣ ተጠራ፣ መዘገበች። ኋላ የጅጋው ሲጠራ ያንኑ ሰማች። ኮምፒውተሩ ይኸ ቁጥር ተመዝግቧል ብሎ እምቢ አላት። ደግመው የጠሩ መስሏት አለፈችው። ምን ታድርግ፣ ለጆሮ አንድ ናቸው። የጅጋ አካፋና ወንበርም እንዲሁ ቀርቷል፤ ለአካፋ ግን ማንም አይታሰርም። የቄስ ትምህርት ቤት ሕፃን ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ ብሎ ይለያል። እኔ፣ የቅኔ አገር ሰው፣ ረሳሁት። አፈርኩ።

ሐምሌ 17
ለኃላፊው ነገርኳቸው። ገባቸው። ግን ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል፣ አንደኛ ተብለናል፤ ተሳስተን ነበር ብንል በግምገማ ያልቅልናል አሉ። የከርሞው ቆጠራ ያስተካክለዋል፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለው ተረቱብኝ። ሲጠራ አይደል እንዴ የጠፋው! ያልኩት በሆዴ ነው። ፈሪ ነኝ።

ሐምሌ 20፣ ከሰዓት
የጋሸ እንየው ባለቤት እማማ ጠጄ ስንቅ ይዘው ከጅጋ በጭቃው መጡ። ጋሸ ያስላቸዋል፣ እህል አይወርድላቸውም። ማሳቸው ሳይዘራ ሐምሌ ሊወጣ ነው። የመጡት ሊያማርሩ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብለው፣ «ልጀ፣ ሸሽጎትም እንደሁ ምከረው፣ ያውጣና ይገላገል» አሉኝ። ኮምፒውተር አይዋሽም ተብለዋል። ሚስታቸው ተጠራጠሩ! አንጀቴ ተቃጠለ። የፊደሉን ነገር አስረዳኋቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ሀና ሐ ምን ይለያያል አሉኝ።

ሐምሌ 21
ነገ ችሎት አለ። ዳኛውም ቢሰሙ አይለዩትም፤ በዓይናቸው ይዩት። እህል የሚያመላልስ የአይሱዙ ሾፌር ለምኛለሁ፤ ጎህ ሲቀድ ጅጋ ነን። የኛን ሀ-9፣ የጅጋውን ሐ-9፣ ሁለቱንም ጭኜ ፍ/ቤቱ ደጅ ጎን ለጎን አቆማቸዋለሁ። ያለ ወጪ ማዘዣው፣ ያለ ሞዴል 22፣ የመንግሥት ንብረት ማውጣት ስርቆት ነው። ሞዴሉን የሚፈርሙት ኃላፊው ናቸው፤ አይፈርሙም። አውቃለሁ። ቁልፉ ያለው እኔ ዘንድ፣ የሚጠየቀውም እኔው። ፈርቻለሁ፣ ማስታወሻዬ። ግን እሄዳለሁ። ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም። እራት ቀርቧል እያለች ነው። ዛሬ ካልነገርኳት ነገ ከሰው ነው የምትሰማው፤ አሁን ገብቼ እነግራታለሁ።