ጥናትን ከባለቤቱ ስም ጋር ለማገናኘት የታገሉት ወይዘሮ አምለሰት ዘሚካኤል

እህታችን ወይዘሮ አምለሰት ከአባታቸው ከመሪጌታ ዘሚካኤል ገብረሰንበት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እናኑ ይሄይስ በ1974 ዓ.ም. ማንኩሳ ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ፍኖተ ሰላም ተከታትለው በቤተ መጻሕፍት ሙያ በዲግሪ ተመረቁ። በ2000 ዓ.ም. ከአቶ አለበል እጅጉ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሕሊናንና ናሁሰናይን አፍርተዋል።

ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ቡሬ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ፣ የምርምር ሥራዎች በኮምፒውተር ተመዝግበው ለሌሎች ተቋማት የሚጋሩበትን ክፍል መርተዋል። እዚህ ላይ ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ከውጭ የመጣው ሥርዓት የቤተሰብ ስም አስቀድሙ ይላል። እኛ ያለን የአባት ስም ነው፤ ይህን የማያውቅ ጎጃሜ የለም። አለቆቹ ግን የአባትን ስም አስቀድመው የልጁን በአንድ ፊደል ቆርጠው አስሞሉት። በቆጋ መስኖ ሽንኩርት ላይ የተመራመረው የኮሌጁ ምሩቅ ስመኘው፣ «ገብረ ሕይወት፣ ስ.» ሆኖ ገባ። አባቱ አቶ ገብረ ሕይወት ሽንኩርት ያመርታሉ እንጂ ጥናት አይጽፉም! ልጁ ለመምህርነት ሲወዳደር የቅጥር ኮሚቴው ጥናቱን በስሙ ፈልጎ አጣ፤ ያልሠራኸውን ሠራሁ ብለሃል ብሎ በአጭበርባሪነት አባረረው። ስመኘው ይኸው አስከሬን ተሸክሞ ከመካከላችን ቆሟል።

ወይዘሮ አምለሰት የኮሌጁን መዝገብ አንድ በአንድ አረሙ። እርማታቸው ግን ከግቢው አልወጣም። ከየኮሌጁ መረጃ ሰብስቦ ለዓለም የሚያሰራጨው የበላይ መሥሪያ ቤት፣ አንዴ የወሰድነውን እንደገና አንወስድም አለ። ደጅ ሲጠኑ፣ ስም ብቻ እኮ ነው ይሏቸው ነበር። ስም ብቻ! የሰው እንጀራ የተዘጋበት ስም! ሆስፒታል ተኝተው እንኳ በስልክ ይሟገቱ ነበር። ይህ ያሳዝነናል፤ ከማሳዘንም አልፎ ያናድደናል።

ባደረባቸው ሕመም በሀገር ውስጥ ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በ44 ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ ጠዋት፣ አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ፣ ከኮሌጁ ስልክ ተደወለ። ሊያጽናኑን መስሎን ነበር። የፈለጉት የኮምፒውተራቸውን የይለፍ ቃል ነው። ባለቤታቸው፣ መጀመሪያ የስመኘው ስም በሄደበት ሁሉ ይስተካከል ብለው ስልኩን ዘጉት። ቤተሰቡም በዚህ ይጸናል፤ ከአለቆቹ እዚህ የተገኛችሁ ይህን ስሙን።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለእናታቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። አምላክ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሐና ብሎ ያውቃቸዋል፤ እርሱ የማንንም ስም ለሌላ አይሰጥም። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።