አባቷ ከጅቡቲ ላከላት ስለተባለው የቆርቆሮ ሮቦት

ለተከበሩ አቶ ሙዓዊያ
የሰፈራችን የልጆች የእጅ ሥራ ውድድር ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቆቦ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ከብቶችዎስ? ከሁሉ በላይ ግን የዓይንዎ ጤና ያሳስበኛል፤ ሁለት ወር ሙሉ በአጥራችን ላይ ተደግፈው ሲያዩት የነበረውን ነገር በግምገማው ቀን ማየት ስላቃተዎት አላህ ያሽርዎ እያልኩ ዱዓ ሳደርግ ሰንብቻለሁ።

እኔ ኡሙሃኒ ነኝ፤ ገበያ ላይ በርበሬ የምሸጠው፣ አጥር ለአጥር የምንዋሰነው ጎረቤትዎ። ይህን መግለጼ በቃለ ጉባኤዎ ላይ «አንዲት ወላጅ» ተብዬ ስለተጻፍኩ፣ ምናልባት ዘንግተውኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ኢኽላስ ከዘይት ቆርቆሮ፣ ከአሮጌ ሸበጥና ከጃንጥላ ሽቦ አንድ ሮቦት መሥራቷን ያስታውሳሉ። ጉልበቱን ሲያጥፉትና እጆቹን ወደ ኋላ ሲመልሱለት ባለ ሦስት ጎማ ባጃጅ ይሆናል። ጃንጥላው የእርስዎ ነበር። ሽቦውን ፈትተው በአጥር ያቀበሏት እርስዎ ነዎት፤ ሮቦቱ መጀመሪያ የተንበረከከ ዕለትም «የሱ ጉልበት ከኔ ይሻላል» ብለው ስቀው አስቀውናል።

በግምገማው ቀን ታዲያ ያንኑ ሮቦት አንስተው፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ፣ ማሻአላህ የምትለዋን ቃል ሳያስቀድሙ፣ «ይቺ ልጅ ጉድ ናት!» ብለው ጮኹ። ልጄን ዓይን እንዳይበላብኝ ብዬ፣ እናቴ በኔ ላይ፣ አያቴም በእናቴ ላይ ሲያደርጉት እንደኖሩት፣ «ኧረ እሷ ምኗን ታውቃለች፣ አባቷ ነው ከጅቡቲ የላከላት» አልኩ። አዳራሹ ነገሩ ገብቶት ማሻአላህ፣ ማሻአላህ አለ። እርስዎ ግን እስክሪብቶ አነሱ። እነሆ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ቃሌን ስላከበሩልኝ አመሰግናለሁ። የቦኖው ውሃ ጠፋ ብዬ በሰፈር ስብሰባ ሁለት ዓመት ስጮህ አንዲት መስመር ያልተጻፈልኝ ሴት፣ ልጄን ከዓይን ለመሸሸግ ያልኳት አንዲት ቃል እንደ ምስክር ቃል ተመዝግባ «ከውጭ የመጣ ዕቃ ስለሆነ ከውድድር ውጭ» አስባለችልኝ። በዚህ ሕግማ ከሄድን፣ ባለፈው ጁምዓ መስጊድ በር ላይ ሰው ስለ ማሽላዎ ቢጠይቅዎ፣ ጎተራዎ እስከ አፉ ሞልቶ ሳለ «ኧረ ምን ማሽላ አለ፣ ወፍ ጨረሰው» ብለዋልና እኔም ጽፌ የእርዳታ ስንዴ ባስመዘግብዎት ደስታዬ ነው።

2ኛ. ስለ ባለቤቴ ስለ ጀሚል ያለዎት ግምት አኩርቶኛል። ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፤ ሻንጣውን መኪና ላይ የጫኑለት እርስዎ ነዎት። ከሱ ዘንድ እንኳን ባጃጅ የሚሆን ሮቦት፣ ድምፁ ራሱ የሚመጣው በዒድ በዒድ ነው። ደግሞስ ሮቦቱ ደረት ላይ «የምግብ ዘይት» የሚል ጽሑፍ ተገልብጦ ይነበባል፤ ጅቡቲዎች በአማርኛ የተጻፈበት ቆርቆሮ መቀጥቀጥ ከጀመሩ እሰየው ነው።

3ኛ. አንደኛ ስለወጣው የላስቲክ ሮቦት እንኳን ደስ አለዎት። የወንድምዎ ልጅ ራዊያ የስምንት ዓመት ሕፃን ናትና በሷ አልፈርድም፤ ከጎብዬ ገበያ የተገዛበትን የዋጋ ልጥፍ በጥፍሩ ፍቆ ኮሚቴው ፊት ያስቀመጠው ግን የስምንት ዓመት ልጅ አይደለም። መኪና ይሁን ሲባል መሐል ላይ ተሰንቅሮ፣ ከላይ ጭንቅላት ከታች ጎማ ሆኖ ቀረ። ኮሚቴዎ ደግሞ «ሁለቱንም ቅርጽ በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችል የአካባቢ እጅ ሥራ» ብሎ ሙሉ ነጥብ ሰጠው። ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ግምገማ ወላሂ አላየሁም።

አቶ ሙዓዊያ፣ መሸነፍ አይደለም ያንገበገበኝ። ሌላው ገምጋሚ አላየም፣ አያውቅም፤ እርስዎ አይተዋል። በማግሥቱ ደጅዎ መጥቼ ስለምንዎት «የተናገርሽው አንቺው ነሽ፣ ቃለ ጉባኤው ተዘግቷል» ብለው በሩን መለሱብኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል አምኜ የኖርኩ ሞኝ ነኝ። ከዱኝ። ኢኽላስ ሮቦቷን አልጋ ሥር ከትታ፣ «እማ፣ ስሠራው እያየሽኝ እንዴት የኔ ሥራ አይደለም አልሽ?» ብላ ከጠየቀችኝ ወዲህ በወጉ አላናገረችኝም።

ስለዚህ ዕቃዎቹ ቅዳሜ ለኤግዚቢሽን ወደ ወልድያ ከመጫናቸው በፊት፣ ሽልማቱ ይቅርብንና፣ በዚያ በተዘጋው ቃለ ጉባኤ ላይ ሦስት ቃል ብቻ እንዲጨምሩልኝ በትሕትና እለምናለሁ፦ «የሠራችው ኢኽላስ ናት።»

ለቃልዎ ታማኝነት፣ ለጉርብትናዎ ሙቀትና ለጃንጥላዎ ሽቦ ያለኝን የማያልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ከአጥርዎ ማዶ በአክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ኡሙሃኒ፣ «አንዲት ወላጅ»

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ራዊያ የተሰነቀረውን ሮቦት ታቅፋ መጣች፤ ለወልድያ እንዲደርስ ኢኽላስ ታስተካክልልኝ ብለው የላኳት እርስዎ ኖረዋል። ምኗንም የማታውቀው ልጄ ከራሷ ሮቦት አንዲት ሽቦ ነቅላ አስተካከለችላት። የሰፈሩ ልጆች ማን ሠራው ሲሉ፣ ያ የለመደ አፌ «ኧረ እሷ ምኗን» ሊል ተከፍቶ ነበር፤ ዘጋሁትና «ማሻአላህ፣ ልጄ ናት» አልኩ። ኢኽላስ ቀና ብላ አየችኝ። ራዊያም «አዎ፣ እሷ ናት፣ አይቻለሁ» አለች። የስምንት ዓመቷ ሕፃን መስክራለች፤ የቀሩት እርስዎ ነዎት።