ጨው የሌለበት ቤት

ዲላ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም

አሰፋችዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

እንደምን ከርመሻል? እህትሽ ጥሩብርሃንስ ደህና ናት? ስልኬን አላነሳ ስላልሽ ይህን ደብዳቤ በሾፌሩ በገመቹ እጅ ገደብ ከተማ እህትሽ ቤት ልኬዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና፣ ጽሕፈቴ ይነበባል።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ልቤ ደከመች እንጂ ምላሴማ እንደምታውቂው ነው። ሦስት ትራስ ደራርቤ ነው የምተኛው። እግሬ ያብጣል፤ ሰዉ ደግሞ አይቶኝ «ጋሼ፣ ወፍረዋል፣ ተስማማዎት!» ይለኛል። ምን ተስማማኝ! ጫማዬን ማሰር እንኳ አቃተኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ያን ቀን፣ ሐኪሙ ጨው ስለከለከለኝ ያለ ጨው ሠርተሽ ያቀረብሽልኝን ሳህን ገፍቼ «ለራስሽ በጨው ትበያለሽ፣ ለእኔ የበሽተኛ ምግብ!» ያልኩሽ ከልቤ አምኜው ነበር። አንቺም ነጠላሽን አንስተሽ ወጣሽ። ይኸው ወር ከአምስት ቀን ሆነሽ።

ከሄድሽ በኋላ የደበቅሽውን ጨው ላገኝ ጓዳውን በረበርኩት። ከበርበሬው ጀርባ፣ ከዱቄቱ ሥር፣ የለም። እልኸኛ አይደለሁ? ፈድሉ ሱቅ ሄጄ ጨው ስጠኝ አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። «ጋሼ፣ እትዬ አሰፋች እኮ ጨው መግዛት ከተዉ ዓመት አለፋቸው። ‘እሱን ካልጣመው እኔን ምን ይጥመኛል’ ብለውኛል» አለኝ።

በቁሜ ሞትኩልሽ! ሳልገዛ ተመለስኩ። ዓመት ሙሉ አብረሽኝ ያለ ጨው በልተሽ፣ አንድ ቀን ብትነግሪኝ ምናለበት? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ አውቃለሁ። ይቅር በይኝ።

አሁን ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፣ ያለ ጨው። ሐኪሙም ጎበዝ ብሎኛል። ብቻዬን ማዕድ ስቀርብ ግን ጉርሻው አይወርድልኝም። ናፍቀሽኛል፣ አሰፋች። «ኪኒንህን ዋጥክ?» እያልሽ የምትጨቀጭቂኝ ሁሉ ናፍቆኛል። ሰው ከሌለ በሽታው ብቻውን ቤቱን ይሞላዋል።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። ዳገት አትውጣ መባሌን አልረሳሁም፤ ሦስት ቦታ እያረፍኩ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ። እመቤታችን ከመንገድሽ አትለይ።

ቅዳሜ ካልመጣሽ እሑድም እወጣለሁ። እሑድ ካልመጣሽም ሰኞ።

ያንቺው ጥፋተኛ፣
ግዛቸው