የ«ፍንጭቷ» ዘፈን ጉዳይ

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። ለቤተሰቡ አባላት በሙሉ፣ ማለትም ለአንቺ፣ የሳሎኑ ራዲዮ ከማክሰኞ ጀምሮ እስከ መጨረሻው መዘጋቱን በታላቅ ሐዘን እገልጻለሁ።

ሬጌ ዘፋኙ አባትሽ ካረፈ አሥር ዓመቱ ነው። ዛሬም ፀጉር አስተካካዩ ያለ እሱ ዘፈን መቀስ አያነሳም፤ ጀማሪ ዘፋኝ ሁሉ ሳሉን ሳይቀር አስመስሎ ይዘፍናል። ይሁን። ልብስ ሰፊዋ ግን፣ ያ ዘፈኑ በራዲዮ በመጣ ቁጥር፣ «‹ፍንጭቷ›ን እኮ ለእኔ ነው የዘፈነው፤ ሱሪውን ሳጠብብለት እስቅ ነበር» እያለች ለሰፈሩ ታወራለች። እኔስ ፍንጭት አይደለሁም? ሃያ ዓመት ሙሉ ስቄለት የለ?

የግጥም ደብተሩ አንቺ ጋ ነው። እስቲ ከዘፈኑ ሥር የማን ስም እንዳለ እይልኝ። የእሷ ከሆነ፣ «ደብዳቤሽ አልደረሰኝም» በዪኝ።

ብርድ አይንካሽ፣ ክፉ አይይሽ።

እናትሽ

ማረሚያ፦ ከላይ «መዘጋቱን» የተባለው «ድምፁ መቀነሱን» ተብሎ ይነበብ።