የናይሮቢው ትምህርት ቤት ቀርቷል

ያለምወርቅ፣

ከገበያ ስትመለሱ አታገኙኝም። ሰኮሩ ያለችው እህቴ ጋ ሄጃለሁ።

የጊፍቲ የክትባት ካርድና የትምህርት ማስረጃዋ መሳቢያው ውስጥ ናቸው። መኪና ስለሚያስመልሳት ነገ ጠዋት ወተት እንዳትሰጫት።

ናይሮቢ ላይ ትምህርት ቤቱን ከነሰፈሩ ለመምረጥ ሦስት ወር ፈጅቶብናል። እሷ በእግሯ አሥር ደቂቃ የምትሄድበት፣ እኔም ስፌት የማላጣበት ሰፈር ነበር። «ሦስታችንም እንሄዳለን» ስላልሽኝ ሄርማታ ያለውን የልብስ ስፌት ቤቴን ለቀቅኩ። ትናንት ፀጉሯን ስሠራት ልጅሽ ምን አለችኝ መሰለሽ?

«ቲቲዬ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ለእማዬ እንደነገርኩሽ እንዳትነግሪያት። ያ ትምህርት ቤት ቀርቷል። አጎቴ ቤት ነው የምንገባው። ለአንቺ ግን ክፍል የለም።»

አንቺና ወንድምሽ ይህን ከወሰናችሁ ሁለት ሳምንታችሁ ነው አለችኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእኔ ጋር እራት ስትበዪ ነበር።

የወንድምሽ ሰፈር ጥሩ ይሆናል። ትምህርት ቤቱም ይሻል ይሆናል። ስድስት ዓመት ካንቺ እኩል ያሳደግኳት ልጅ ናትና፣ ብትጠይቂኝ እኔም የሚሻላትን እመርጥላት ነበር።

ስትነግረኝ ጮኽኩባት። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ቲቲ ይቅርታ ጠይቃሻለች በያት።

ቁልፌን ለአከራያችን ለሐጂ ከሊል መልሻለሁ። «ሦስታችሁም ነገ ናችሁ አይደል?» ሲሉኝ ተሰናብቻቸው ተመለስኩ። አንቺ ንገሪያቸው።

ነገ አውቶቡሳችሁ በሰኮሩ ሲያልፍ እህቴ ሱቅ በር ላይ፣ ከመንገዱ በስተቀኝ እቆማለሁ። ጊፍቲን በዚያ በኩል መስኮቱ ጋ አስቀምጫት።

አንቺ ከፈለግሽ ተኝተሽ እለፊ።

ቲቲ