የአንኮበሯ ወፍና የአፊፋ ሳቅ

ፋሲካዬ፣ ያዋስሽኝን ትንሿን ካሜራ ይዤ አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጫለሁ። እንደኛ ሐዋሳ አባ ኮዳ የዓሣ አንጀት ፍለጋ እግር ሥር የሚመጣ ወፍ እዚህ የለም። ቡናማዋን የገደል ወፍ ለማንሳት ትንፋሽ ውጦ መጠበቅ ነው።

አጠገቤ ከአልዩ አምባ የመጡ ባልና ሚስት አሉ። ባልየው ዓብዱራህማን በሆዱ ተኝቶ በካሜራው ያነጣጥራል፤ ሚስቱ አፊፋ ቦርሳውን ይዛ ትስቃለች።

“ወላሂ፣ በሃያ ዓመት አንድ ቀን እንዲህ ትኩር ብለህ አላየኸኝም!”

“አንቺማ በርረሽ አታመልጪኝም” አላት ቀና ሳይል።

ቀናሁባቸው። ወፏ ፊት ለፊቴ አርፋ እንኳ እነሱን ሳይ አመለጠችኝ። ሟቹ ባሌ ወርቁም እሑድ እሑድ ወፍ ሊያነሳ ወደ ሐይቁ ሲወጣ “ነይ አብረን እንሂድ” ይለኝ ነበር። እኔ ግን በካሜራው እንደ ጣውንት ቀንቼ እምቢ እል ነበር። ተሰረቀ የተባለው ካሜራው ትዝ ይልሻል? ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ የጣልኩት እኔ ነኝ። ሠራተኛችንን ጌጤን ጠርጥሮ ሲያባርራት ዝም አልኩ። እሱም ሳያውቅ ሞተ።

የፖስት ካርዱ ቦታ ጠበበኝ። ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ እማማንም ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ካርዱ ሳይታሸግ በመሥሪያ ቤታችሁ ፖስታ ሣጥን ስለሚመጣ ካንቺ በፊት ሌላ ሰው ያነበዋል። ያንብበው። ጌጤንም ፈልጊያት፤ እንደኔ ዘግይታም ቢሆን ፊደል ካልቆጠረች፣ አንቺ አንብቢላት።

ዘነበች